የርዳታ በሬ

በሬው ግቢያችን ከገባ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም አስማረ ከገጠር ነድቶ አምጥቶ ከብሳናው ግንድ ላይ አሰረውና፣ የጭዱን ሸክም አውርዶ፣ «ለአርባው ነው፣ እት ሙሉ» ብሎኝ ተመልሶ ሄደ። ባለቤቴ ፈንታሁን ከሞተ ሃያ ዘጠኝ ቀን ሆነው። ተዝካሩ ሊደርስ አሥራ አንድ ቀን ቀርቶታል። በሬው ቀይ ነው፤ ከሻኛው ሥር ቀንበር የላጨው ጠጉር ገና አልበቀለም። ውኃ ላቀርብለት ስወጣ ቀና ብሎ ያየኛል። እኔ ባልዲውን አስቀምጬ፣ ዓይኑን ሳላይ እመለሳለሁ።

በሬ ከሚሸት ግቢ ከወጣሁ ብዙ ዘመኔ ነው። የዛሬዋ ፍኖተ ሰላም ከደጄ ላይ ባጃጅ ሲጮኽባት ይውላል፤ ከጎረቤቴ ግድግዳ ወዲያ ብረት ይበየዳል። በዚያ ሁሉ መሃል የዚህ እንስሳ ሽታ፣ የሞቀ ቆዳ፣ የተመነዠከ ጭድና የእበት ሽታ፣ በመስኮት ገብቶ ከአልጋዬ ድረስ ይደርሳል። ለቅሶ ሊደርሱ የሚመጡት ሰዎች በሬውን ሲያዩ ደስ ይላቸዋል፤ «ወጉ ነው፣ ይገባዋል» ይሉኛል። ልጆቼ ከቀብሩ በኋላ ወደየሥራቸው ተመልሰዋል፣ በስልክ «አጎታችን እንዳለ ይሁን» ይላሉ። እኔ ግን ሽታው በመጣ ቁጥር መሄድ ወደማልፈልግበት ቦታ ይወስደኛል። ደክሞኛል፣ ግን ካልጻፍኩት አይለቀኝም ብዬ ደብተር አወጣሁ። ቶሎ አልጽፍም። መነጽሬን የሚወለውልልኝ ፈንታሁን ነበር፤ አሁን በነጠላዬ ጫፍ ስጠርገው ይብሱን ይደበዝዛል። ሦስት አራት መስመር እጽፍና ጋደም እላለሁ።

ዓመተ ምሕረቱን በትክክል አልይዘውም። ስልሳዎቹ ናቸው፣ መንግሥት ከመለወጡ በፊት፣ እኛ ገና ቡሬ ስንኖር። ፍኖተ ሰላምን ያኔ አሮጊቶች ወጀት ነበር የሚሏት፤ ከቡሬ ወደዚህ ለመምጣት ከጭነት መኪና ላይ፣ ከእህሉ ጆንያ በላይ ተቀምጠን፣ አቧራ ለብሰን ነበር የምንደርስ። ቡሬ ወፍጮ ቤቱ ካለበት ማዕዘን ላይ አንድ ልብስ ሰፊ በረንዳ ነበረው። ከጠላ ቤቱ ራዲዮ የሚወደው ዘፈን ሲመጣ እግሩን ከስፌት መኪናው መርገጫ ላይ አንሥቶ፣ ዘፈኑ እስኪያልቅ ጨርቁን በእጁ ይዞ ይጠብቅ ነበር። ደንበኛ ቢቆጣም አይሰማም። ለእኔ ባለ አበባ የፖፕሊን ቀሚስ የሰፋልኝ እርሱ ነው፤ እጅጌው ክርን ላይ የሚቀር፣ ወገቡ ሰብሰብ ያለ። አሥር እንቁላል በስሙኒ ይገዛል፤ ጥሩ የእርሻ በሬ ሰባ ብር፣ ቢበዛ ሰማንያ ያወጣል። ሰማንያ ብር ግን ገበሬ እጅ አይገኝም። ባለፈው ዓመት በዚያ በኩል ሳልፍ ከማዕዘኑ ላይ የሞባይል መሸጫ ሱቅ አየሁ። የወፍጮው ዱቄት ሽታ የለም።

እኔ የሠራሁበት ርዳታ ቤት ቢሮ የከፈተው ከዚያ ልብስ ሰፊ ጎን ባለ የቆርቆሮ ቤት ነው። ባሕር ማዶ ያሉ፣ ፊታቸውን አይተን የማናውቃቸው ምእመናን በየሰንበቱ ከቤተ ክርስቲያናቸው ደጅ በሚያዋጡት ገንዘብ ነው የሚሠራው ይሉን ነበር። ኃላፊው ኮስታራ፣ ግን ቅን ሰው ነበሩ። ለድሃ ገበሬዎቹ ስንዴ ብንሰፍርላቸው ለአንድ ክረምት ነው፣ በሬ ብንገዛላቸው ግን በገዛ ጉልበታቸው ያድራሉ ይሉ ነበር፣ እውነታቸውንም ነበር። በኛ አገር መሬት እያለው የሚራብ ሰው አለ፤ በሬ የለውማ። መሬቱን ለባለ በሬ በመጋዞ ይሰጣል፣ ሌላ ሰው ካረሰው ላይ ድርሻውን ብቻ ይቀበላል፣ ሰኔ ሳይገባ ጎተራው ባዶ ይሆናል። አንድ በሬ ያለው ሰው ደግሞ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር መቀናጆ ይገባል፤ ሁለቱን በሬዎች በአንድ ቀንበር ጠምደው ዛሬ የአንዱን ማሳ፣ ነገ የሌላውን ያርሳሉ። ስለዚህ ርዳታ ቤቱ ለአንድ ቤት አንድ በሬ ይሰጣል፤ ሁለተኛውን ጉርብትና ይሞላዋል።

ፈንታሁን የከብት ክትባት ተምሮ የመጣ የሃያ አምስት ዓመት ጎረምሳ ነበር። በሬዎቹን ከገበያ የሚመርጥ እርሱ ነው፤ ካኪ ኮቱን ለብሶ፣ የበሬውን ከንፈር ገልጦ ጥርሱን አይቶ፣ ሻኛውን በመዳፉ መትቶ። እኔ አባቴ መሪጌታ ስለነበሩ ዳዊት የደገምኩት በሕፃንነቴ ነው፤ በኋላ ከዘመናዊ ትምህርት ቤትም ስድስተኛ ክፍል ደርሻለሁ። ኃላፊው የእጅ ጽሑፌን አይተው ቀጠሩኝ። ሥራዬ ወረቀቱ ነበር። በሬው ለሦስት ዓመት አይሸጥም፣ አይታረድም፣ ለሌላ አይተላለፍም፣ እስከዚያ ድረስ የርዳታ ቤቱ ንብረት ነው የሚል ወረቀት። ድምፄን ከፍ አድርጌ አነባለሁ፤ ከዚያ የገበሬውን አውራ ጣት ይዤ ከሐምራዊው ቀለም ላይ አስነክቼ አስፈርማለሁ። ጣታቸውን ከልብሳቸው ላይ እንዳይጠርጉት እስኪደርቅ ድረስ እጃቸውን እንደያዝኩ እቆያለሁ። ወረቀቱ ሲነበብ የሚሰማ ሰው አይቼ አላውቅም። ሁሉም ዓይናቸው ከበሬው ላይ ነው።

ዋሴና ይታይሽ ከሽንዲ ወዲህ ባለ መንደር የሚኖሩ ባልና ሚስት ነበሩ፣ ከቡሬ የግማሽ ቀን መንገድ። ሦስት ልጆች አሏቸው። መሬታቸው መልካም ነው፣ ግን ከተጋቡ ጀምሮ የሚያርሰው ሌላ ሰው ነው። ዋሴ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን ሰው ነበር። ይታይሽ ግን ምላሷ አያርፍም። በሬውን የተረከቡ ዕለት ዙሪያውን ሦስት ጊዜ ዞረችውና ወደ እኔ ቀርባ፣ «እታለም፣ ይኸን ቀድመሽ አምጥተሽልኝ ቢሆን ዋሴን አላገባም ነበር» አለች። ዋሴ አፉን ሸፈነ። ጥሩ የምትባለው ትልቋ ልጃቸው፣ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ከበሬው ግንባር ላይ ያለውን ነጭ ምልክት አይታ ቦራ አለችው፤ ስሙ ቦራ ሆኖ ቀረ። ይታይሽ ፈረመች፣ ዋሴም ፈረመ። የዋሴ ጣት ከማሳ ሳይርቅ የኖረ የገበሬ ጣት ነው፣ መዳፉ ግን ሞፈር ያልጨበጠ፣ እንደ ጸሐፊ እጅ ለስላሳ ነበር። ያንን አልረሳሁትም።

መቀናጆ የገቡት ሙጨ ከሚባል ጎረቤታቸው ጋር ነው። በሰኔ ልናያቸው ስንሄድ ከጉብታው ማዶ የሰው ድምፅ ሰማሁ። የሚያርስ ሰው ለበሬዎቹ ይዘፍን የለ፣ ያ ነው። ማን ይሆን ስል ዋሴ ሆኖ አገኘሁት። ዝምተኛው ሰው ቦራን በስሙ እየጠራ፣ አባቱን እያነሣ፣ ከዘፈኑ መሃል የሙጨን በሬ ስንፍና እየሰደበ ያርሳል። ሙጨ ከማሳው ዳር ቆሞ፣ «የኔን በሬ ስም ተው፣ ላንተ አደራ የሰጠሁህ ነው» እያለ ይስቃል። ፈንታሁን በዚያ ቀን ከመንገዱ ዳር ተቀምጦ ባርኔጣውን አውልቆ ለረጅም ጊዜ ሰማው። እኔ እንሂድ እንሂድ እያልኩ ጎተጎትኩት። አሁን ቢሆን አልጎተጉተውም ነበር።

ያ ዓመት ጥሩ ዓመት ነበር። ጤፍ ወቁ፣ በርበሬ ለቀሙ። ከመስቀል በኋላ በገበያ ቀን ይታይሽ ለልጆቿ አቡጀዲ ለማሰፋት ከልብስ ሰፊው በረንዳ መጣች። ዋሴ ደግሞ አንድ የተለበሰ ጥቁር ኮት ገዝቶ፣ በቀትር ፀሐይ ላይ ለብሶት፣ ከወፍጮ ቤቱ ማዕዘን ቆሞ አገኘነው። ላብ ከጆሮው ሥር ይወርዳል። ይታይሽ፣ «አውልቀው ስለው እንዳይሰርቁኝ አለ» አለችን። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ጽዋ መግባቱ ነው። የሰፈሩ ወንዶች በየወሩ ተራ ገብተው የሚያበሉበትን የጽዋ ማኅበር ዋሴ ከልጅነቱ ጀምሮ ከዳር ሆኖ ነበር የሚያየው፤ የሚደግስበት አልነበረውማ። በዚያ ዓመት ተቀበሉት፣ ተራውን አወጣ፣ ቄስ ላቀው ከቤቱ ገብተው ባረኩለት። ቄስ ላቀው የደብራቸው ካህን ናቸው፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ ሽማግሌ። ይታይሽ ስለዚያ ቀን ስትነግረኝ አልቀለደችም። «ስሙን ጠርተው አስቀመጡት» ብቻ ነው ያለችኝ።

በሁለተኛው ዓመት ዋሴ ሥራ ብሎ ቆላ ወረደ። ወባ ይዞት ተመለሰ፣ ወሩ ሳይሞላ ሞተ።

ወሬው ቡሬ የደረሰን ከቀብሩ ሳምንታት በኋላ ነው። የዋሴ ታላቅ ወንድም ደመቀ ዘመዱን ሁሉ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለተዝካሩ ምክር ጠርቷል ተባለ። ያኔ ተዝካር እንዴት እንደነበር የዛሬ ልጆች አያውቁም። ካህናቱ፣ ዲያቆናቱ፣ ተማሪው፣ ዘመዱ፣ መንገደኛው ሳይቀር ይበላል፣ ይጠጣል፤ ስንት ቤት በአንድ ቀን ተራቁቶ የቀረ። ይታይሽ ግቢ ውስጥ የሚታረድ ነገር ቦራ ብቻ ነው። ፈንታሁን እህል አልበላ አለ። «ወረቀቱን ያዥና ነይ» አለኝ፤ «ወረቀት ካለ ማንም አይነካውም።» እኔም አልተቃወምኩም። እውነቱን ለመጻፍ ነው የተቀመጥኩት፣ እውነቱ ደስ አለኝ። በሰው ፊት ማንበብ የምወድ ልጅ ነበርኩ።

ፈጥነን ሄድን፤ ቅዳሴው ሳይወጣ ደረስን። ግቢው ውስጥ ወንዶቹ ከዛፉ ሥር ድንጋይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሴቶቹ ከቤት ውስጥ ናቸው። ቦራ ከአጥሩ ጥግ ታስሮ ያመነዥካል። ፈንታሁን ኀዘናችሁ ኀዘናችን ነው አለና፣ ስለ በሬው አንድ ነገር እንድትሰሙ ነው የመጣነው ብሎ ወደ እኔ ዞረ። ተነሥቼ አነበብኩ። አንድም ቃል አላስቀረሁ። አይሸጥም፣ አይታረድም፣ አይተላለፍም። ሦስት ዓመት እስኪሞላ የርዳታ ቤቱ ንብረት ነው። ድምፄ ከአጥሩ ወዲያ ሳይሰማ አይቀርም።

ስጨርስ ቦራን የሚያይ አልነበረም። ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉም ሰው ወረቀቱን ሰምቶት ነበር። ከዛፉ ግንድ ተደግፎ የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ፣ ከጽዋው ማኅበር ሰዎች አንዱ፣ ከዘራውን መሬት ላይ እያሽከረከረ፣ «እኛ ደግሞ የራሱ መስሎን፤ ለካ የሰው በሬ ይዞ ነው ጽዋ የገባ» አለ። አንድ ሁለቱ ሳቁ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፣ ግን ሳቅ ነበር። ደመቀ ፊቱ ጠቆረ። «እንግዲያ ተዝካሩንም ርዳታ ቤቱ ይደግሳ፣ አቶ ፈንታሁን» አለ።

ይታይሽ ከቤት ወጣች። ጸጉሯን ተላጭታለች፣ ቀሚሷን ከል ነክራዋለች። በእኔ አጠገብ አለፈች፣ አላየችኝም። ከአጥሩ ጥግ ሄዳ የቦራን ገመድ ፈታች፣ እየሳበች አምጥታ ገመዱን ከደመቀ እጅ ላይ አስቀመጠችው።

«ለዋሴ አርባ እረዱት» አለች። «የሱ ነው።»

ፈንታሁን ተነሣ። «እት ይታይሽ፣ ልጆቹስ?» አላት።

«ልጆቹ የዋሴ ልጆች ናቸው። የርዳታ ቤት ልጆች አይደሉም።»

 ወረቀቱን አጥፌ ከደረቴ ከተትኩት፣ ወጣን። ተዝካሩ ሲበላ አልሄድንም። ብዙ ሰው በላ አሉን፣ ካህናቱ አመሰገኑ አሉን፣ ልጅቷ ጥሩ፣ ስጋ አልቀምስም ብላ ከሙጨ ቤት ዋለች አሉን። የሙጨ በሬም ያን ዕለት ጥማዱን አጣ። አንድ በሬ ታርዶ ሁለት ማሳ ነበር የቆመው።

ጥቂት ሳምንት እንዳለፈ ቄስ ላቀውን ከቡሬ መንገድ ላይ፣ በበቅሎ፣ ጥላ ይዘው አገኘናቸው። ፈንታሁን ልጓሟን ይዞ አቆማቸው። እንዲያ ሲናገር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሰምቼው አላውቅም። አንድ ቤት አፈረሱ፣ አባታችን፣ አላቸው፤ ድሃ ሴት በሬዋን ስታሳርድ እንዴት ዝም አሉ፣ አላቸው። ቄሱ እስኪጨርስ ጠበቁት። ከዚያ ከበቅሏቸው ወረዱ፤ መውረድ ባልነበረባቸው ሰው ፊት መውረዳቸው እኔን አስደነገጠኝ።

«ልጄ» አሉት፣ «እኔ ስጋ ስጡኝ አላልኩም። ለደመቀ አስቀድሜ ነግሬው ነበር። ዳቦና ንፍሮ ይበቃል፣ ፍትሐቱን እኛ እናደርሳለን፣ የልጆቹን በሬ አትንኩ ብዬው እሺ ብሎኛል። ያን እሑድ የጠራነው ይኸንኑ በሁሉም ፊት ልንጨርስ ነበር። እኔ ከቅዳሴ ሳልወጣ እናንተ ወረቀት ይዛችሁ ደረሳችሁ።» ጥላቸውን አጥፈው፣ «ከዚያ ወዲያማ ምን ብዬ ላስቀር? አትረዱት ብል፣ አዎ የሰው በሬ ነው ማለቴ አይደል?» አሉ። ወደ በቅሏቸው ተመለሱ። ፈንታሁን እርካቡን ይዞ አወጣቸው።

ኃላፊው ከመዝገቡ ላይ ያንን ደብር ሰረዙት። ለለጋሾቹ ምን ብዬ እጽፋለሁ፣ ሕጉ ከፈረሰ ነገ ሌላው ያርዳል አሉ፤ እርሳቸውም እውነት ነበራቸው። ተራ ሲጠብቁ የነበሩ አራት ቤቶች ቀሩ። ከነሱ አንደኛው ቀንበሩን ጠርቦ፣ ጠፍሩን አልፍቶ፣ ከምሰሶው ላይ ሰቅሎ ይጠባበቅ ነበር። አይመጣም ብዬ የነገርኩት እኔ ነኝ። ቀንበሩን ቀና ብሎ አየውና፣ «ይሁን፣ ለማገዶ ይሆናል» አለኝ። የይታይሽ መሬት ተመልሶ መጋዞ ገባ። ልጇን ጥሩን ቡሬ ለአንድ ነጋዴ ቤት ሠራተኛ ሰጠቻት። ብዙ ሳይቆይ ራሷም መጣችና ከዚያው ነጋዴ ግቢ በርበሬ መቀንጠስ ያዘች። ቀይ አቧራ በተነሣበት፣ ሰው ሁሉ በሚያስነጥስበት ግቢ ውስጥ፣ ሻሿን እስከ አፍንጫዋ ጠምጥማ አገኘኋት። ይቅር በይኝ ልላት ነበር የሄድኩት፣ አላልኳትም። አጠገቧ ተቀምጬ አብሬያት ቀነጠስኩ። ቀና ሳትል፣ «ያን ቀን ሁሉም በላ፣ እታለም» አለችኝ። «ማንም የሰው በሬ ነው ብሎ አልተነሣም።» የሰጠሁትን ሁለት ቁና እህል አልወሰደችም። ሞታለች አሁን፣ ብዙ ዘመኗ ነው።

መንግሥት ሲለወጥ ርዳታ ቤቱ ተዘጋ። ፈንታሁን ፍኖተ ሰላም በግብርና ቢሮ ተቀጠረ፣ ቤት ሠራን፣ ወለድን፣ አሳደግን። ለዓይን የሚታይ ነገር አልተለወጠም። ግን ከሰው ተዝካር ሲሄድ፣ ቀብርና ለቅሶ የማይቀር ሰው ስለነበር ያልሄደበት ተዝካር የለም፣ ስጋ ሲቀርብ ሳህኑን ወደ አጠገቡ ሰው ገፋ ያደርጋል። ጾሜ ነው ይላል፤ ፍስክ ቢሆንም። እኔ አይቼ እንዳላየሁ አልፋለሁ። ስለዚያ እሑድ ተነጋግረን አናውቅም ማለት ይቻላል። አንድ ጊዜ ብቻ፣ አርጅተን፣ ከበረንዳው ተቀምጠን፣ «ቅዳሴው እስኪወጣ ብንጠብቅ ኖሮ» አለ። «አዎ» አልኩት። ጡረታ ሲወጣ ባገኘው ገንዘብ ይኸን ቀይ በሬ በወይፈንነቱ ገዛና አስማረ ዘንድ አኖረው። ምን ሊያደርግበት እንደሆነ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩት። በየክረምቱ ሄዶ ሲታረስበት ያየው ነበር። ከመንገድ ዳር ተቀምጦ፣ ይለኝ ነበር አስማረ፣ ባርኔጣውን አውልቆ።

ይኸን መጻፍ ከጀመርኩ ስድስት ቀን ሆኖኛል። ዕረፍት የለውም። ስለ ይታይሽ ስጽፍ የነበረው እጄ ስለ ራሴ ሲሆን ይከብደዋል። በነዚህ ቀናት ያወቅሁት ነገር አለ፤ በሬው እንዲታረድ እፈልግ ነበር። በሬው ትልቅ ነው። ሰው ግቢያችንን ሞልቶ፣ ፈንታሁን እንዲህ ያለ ሰው ነበር ሲል መስማት እፈልግ ነበር። ከአርባ ዓመት በላይ አብሬው የኖርኩት ሰው በዳቦና በንፍሮ ሲሸኝ ማየት አንጀቴ አልችል አለ። ያን እሑድ ይታይሽ ባጠገቤ ስታልፍ ያላየችኝ ምን ይዟት እንደነበር፣ እንዲህ አርጅቼ ነው የገባኝ።

ከትናንት ወዲያ የይታይሽ ልጅ ጥሩ ለቅሶ ልትደርስ መጣች። ጸጉሯ ሸብቷል፣ እንደ እናቷ ግን አፏ ይፈጥናል። አልቅሳ ስታበቃ ወደ ብሳናው አየች። «ግንባሩ ላይ ነጭ ቢኖረው ቦራን ነበር» አለች። ልጇ ሽንዲ ያንኑ የአያቱን መሬት እንደሚያርስ፣ አንድ በሬ እንዳለው፣ መቀናጆ የገባው ጎረቤቱ በሬውን ሸጦ ከተማ እንደገባ፣ ዘንድሮ መሬቱ መጋዞ እንደሚገባ አወራችኝ። ለምን እንዳወራችኝ አላውቅም። ጨዋታ ነበር፣ ምንም አልለመነችኝም። ስትሄድ በሬውን ሻኛውን ዳበሰችው።

ትናንት ጠዋት ባጃጅ ይዤ ወደ ደብራችን ሄድኩ። ከቅዳሴ በፊት ደርሼ ከደጀ ሰላሙ ጥግ ተቀመጥኩና እስኪያልቅ ጠበቅሁ።  ካህኑ ሲወጡ ስለ ተዝካሩ ጠየቅኋቸው፣ ሌላ ሰው ሳልጠይቅ። ዳቦና ንፍሮ ይበቃል አሉኝ።

አስማረ ዛሬ ቢላ አስሎ፣ አራጅ ነግሮ መጣ። በሬውን ለጥሩ ልጅ ልሰጠው እንዳሰብኩ ስነግረው ከበረንዳው ደረጃ ላይ ቁጭ አለ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ወንድሙን ይወድ ነበር።

«ሰው ምን ይላል፣ እት ሙሉ? ፈንታሁን የስንቱን ተዝካር በልቶ!»

«አልበላም» አልኩት። «አንድ ቀን በልቶ አያውቅም።»

የያዘውን ቢላ ከደረጃው ላይ አኖረ። ትዝ ብሎት ነው መሰለኝ። ቆይቶ፣ «ልጁ ሽጦ ቢበላውስ? ለጠጅ ቢያውለውስ? ወረቀት ጻፊለት፣ አንች እኮ ወረቀት ታውቂያለሽ» አለኝ። ቃሉ ወጋኝ፤ እርሱ ግን ታሪኩን አያውቅም። ደብተሩ ከአጠገቤ ነበር፣ እርሳሱም ከላዩ። አላነሣሁትም።

«ይሽጠው» አልኩት። «ከፈለገም ይረደው። ከእጁ ከገባ ወዲያ የሱ ነው።»

ተነሥቼ ከብሳናው ሥር ሄድኩ። ቋጠሮው ጠብቆ ጣቴን አደከመኝ፤ አስማረ ሊያግዘኝ መጣ፣ ተው አልኩት። ፈትቼ ገመዱን ከእጁ ላይ አስቀመጥኩት። ከብት የሚጭነው መኪና ከሚቆምበት ድረስ በእግር ሊነዳው፣ ከዚያ አብሮት ሽንዲ ሊሄድ ወጣ። እኔ በሩን ከፍቼ ቆሜ አየሁ። በሬው አስፋልቱ ላይ ሲወጣ ደነገጠ፣ ከመሃል መንገድ ላይ ቆመ። ባጃጆቹ ከፊትም ከኋላም ቆሙ፣ ጋሪ የሚነዳውም ፈረሱን ገታ። አንዱ ባለ ባጃጅ ከወንበሩ አንገቱን አውጥቶ በሬውን ከቀንዱ እስከ ጭራው አየው።

«የማን ነው ይኸ በሬ፣ አባባ?» አለ።

አስማረ ዞር ብሎ ወደ እኔ ተመለከተ፣ ከዚያ ገመዱን ሳብ አደረገ።

«የፈንታሁን ነው» አለ።